የረጋው ዘይት፦ ስለ ቅባት ተፈጥሮና ጥቅም ለሰበካ ጉባኤያት የቀረበ ማብራሪያ

ባለፈው ታኅሣሥ ወር፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከሚገኙ አጥቢያዎች በአንዱ፣ የሰበካ ጉባኤው የበጎ አድራጎት ክፍል ለአረጋውያንና ለአቅመ ደካሞች የሚታደል የምግብ ዘይት ገዝቶ በዕቃ ቤት አስቀምጦ ነበር። ዕደላው በሚፈጸምበት ዕለት ማለዳ ዕቃ ቤቱ ሲከፈት ግን ዘይቱ በየጀሪካኑ ውስጥ ነጥቶና ረግቶ ተገኘ። ጀሪካኑ ቢዘቀዘቅም አልወርድ አለ። ከኮሚቴው አባላት አንዳንዶቹ «ተበላሽቷል፤ ለነጋዴው ይመለስ» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «እንደ ቅቤ የሚረጋ ዘይት እንዲያውም የተሻለ ነው» ብለው ተከራከሩ። ከንጋት በፊት መጥተው በቅጽሩ ውስጥ የተቀመጡት እናቶችና አባቶችም ክርክሩ እስኪያበቃ ድረስ በብርድ ቆዩ።

እኛ በስፍራው የተገኘነው ለሌላ የፕሮጀክት ሥራ ነበር። ጥያቄው ሲቀርብልን የሰጠነው መልስ «አልተበላሸም፤ ፀሐይ ሲሞቀው ይፈታል፤ ይታደል» የሚል ብቻ ነበር። መልሱ እውነት ቢሆንም በቂ አልነበረም። ዘይቱ አለመበላሸቱ አንድ ነገር ነው፤ ለአረጋውያኑ የሚስማማ መሆኑ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ለይቶ ለማየት ቅባት ከምን እንደተሠራ፣ ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው፣ በሰውነታችንም ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በዚያ ማለዳ በአጭሩ ያለፍነውን መልስ ለማሟላት ነው።

ቅባት ማለት ምን ማለት ነው?

ቅቤ፣ ጮማ፣ የኑግና የሰሊጥ ዘይት፣ ጧፍ የሚሠራበት የንብ ሰም፣ በእንቁላል አስኳል ውስጥ ያለው ቅባትና ኮሌስትሮል ሁሉም የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ይህን ቤተሰብ «ሊፒድ» ይሉታል። መልካቸው ልዩ ልዩ ቢሆንም አንድ የሚያደርጋቸው ጠባይ አላቸው፤ ይኸውም በውኃ አለመሟሟታቸው ነው።

ይህን ጠባይ ብራና የሚፍቁ አባቶች ከኬሚስትሪ መጻሕፍት አስቀድመው ያውቁታል። የፍየሉ ቆዳ በመወጠሪያው ላይ ተወጥሮ ሲፋቅ፣ ስቡ በሚገባ ካልወጣለት ቀለም አይቀበልም። በውኃ የተበጠበጠው ቀለም ስብ የቀረበት ቦታ ላይ ሲደርስ ይሸሻል፤ ፊደሉም ይቆራረጣል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የውኃ ሞለኪውል በአንድ ጎኑ ጥቂት አዎንታዊ፣ በሌላው ጎኑ ጥቂት አሉታዊ የኤሌክትሪክ ጠባይ ስላለው አንዱ የውኃ ሞለኪውል ሌላውን አጥብቆ ይስባል። የቅባት ሞለኪውል አብዛኛው ክፍል ግን እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። ስለዚህ የውኃ ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው ተያይዘው ቅባቱን ወደ ውጭ ይተዉታል። ዘይት ከውኃ በላይ የሚንሳፈፈውም ከውኃ ስለማይዋሐድና ክብደቱም ከእኩል መጠን ውኃ ስለሚያንስ ነው።

ሦስት ጧፍ የተተከለበት መቅረዝ

የቅባትን ውስጣዊ አሠራር በጥንቃቄ መርምሮ ያሳየው ሚሼል ኡዠን ሸቭረል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። ሸቭረል ሳሙናን በመመርመር ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1823 ስለ እንስሳት ቅባት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ስብ ሲፈርስ ግሊሰሪን የተባለ ጣፋጭ ፈሳሽና ልዩ ልዩ የቅባት አሲዶች እንደሚገኙበት ገለጸ። እኛ ዛሬ የምንናገረው ሁሉ በዚህ መሠረት ላይ የቆመ ነው።

በወጥ ቤታችን የምናውቃቸው ዘይትና ቅቤ በአብዛኛው ትራይግሊሰራይድ ከሚባል ሞለኪውል የተሠሩ ናቸው። ይህን ሞለኪውል ሦስት ጧፍ እንደተተከለበት መቅረዝ አድርገን ብናስበው አንሳሳትም። መቅረዙ ግሊሰሪን ነው፤ ሦስት የካርቦን አተሞች አሉት። በእያንዳንዱ ካርቦን ላይ አንድ አንድ የቅባት አሲድ ተተክሏል። የቅባት አሲድ ማለት የካርቦን አተሞች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። በምግባችን ውስጥ በብዛት የሚገኙት 16 ወይም 18 ካርቦን ያላቸው ናቸው። በካርቦኖቹ ዙሪያ ሃይድሮጅን ተያይዟል፤ በሰንሰለቱ አንድ ጫፍ ደግሞ ኦክስጅን ያለበት አሲዳዊ ራስ አለ። ሰንሰለቱ ከግሊሰሪን ጋር የሚተሳሰረው በዚህ ራሱ ነው።

እዚህ ላይ በቅባቶች መካከል ትልቁን ልዩነት የሚፈጥረው ነገር ይመጣል። በሰንሰለቱ ያሉት ካርቦኖች ሁሉ ሊይዙት የሚችሉትን ያህል ሃይድሮጅን ከያዙ ቅባቱ «የጠገበ» ይባላል። እንዲህ ያለው ሰንሰለት ቀጥ ያለ ነው። በአንዳንድ ስፍራ ሃይድሮጅን ጎድሎ ሁለት ካርቦኖች በድርብ ማሰሪያ ከተያያዙ ግን ቅባቱ «ያልጠገበ» ይባላል። በተፈጥሮ ዘይቶች ውስጥ ድርብ ማሰሪያው ባለበት ቦታ ሰንሰለቱ ይጎብጣል።

ቀጥ ያሉ ጧፎች በአንድ ላይ ሲታሰሩ ተጠጋግተው ጥብቅ እስር ይሆናሉ። የጎበጡ ጧፎች ግን ቢታሰሩም በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል፤ በቀላሉም ይፈታሉ። የቅባት አሲዶችም እንዲሁ ናቸው። 18 ካርቦን ያለው የጠገበው ስቴሪክ አሲድ የሚቀልጠው በ69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ያንኑ ያህል ካርቦን ያለው፣ ነገር ግን አንድ ድርብ ማሰሪያ የያዘው ኦሌይክ አሲድ በ13 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ሁለት ድርብ ማሰሪያ ያለው ሊኖሌይክ አሲድ ደግሞ ከዜሮ በታች በ5 ዲግሪ እንኳ ፈሳሽ ነው። የካርቦኑ ቁጥር አንድ ሆኖ ሳለ ጉብጠቱ ብቻ ይህን ሁሉ ልዩነት ያመጣል።

ዘይቱ ለምን ረጋ?

በዚያ ማለዳ የረጋው የፓልም ዘይት ነበር። የፓልም ዘይት በብዛት የሚመረተው በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ሲሆን፣ ከቅባቱ ግማሽ ያህሉ የጠገበ፣ በተለይም 16 ካርቦን ያለው ፓልሚቲክ አሲድ ነው። በሞቃት አገር ፈሳሽ ሆኖ ይኖራል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። በዚህ ብርድ ቀጥ ያሉት ሰንሰለቶች ተጠጋግተው ስለሚታሰሩ ዘይቱ ይረጋል። ስለዚህ መርጋቱ የመበላሸት ምልክትም፣ የጥራት ምልክትም አይደለም። የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘይቱ ብዙ የጠገበ ቅባት አለው።

የአገራችንን የቅባት እህሎች ከዚህ አንጻር ማየት ይጠቅማል። ኑግ ከጥንት ጀምሮ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ሲመረት የኖረ ሰብል ነው፤ ከዘይቱ ከመቶ 70 ያህሉ ሁለት ድርብ ማሰሪያ ያለው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። በሰሜን ምዕራብ ቆላማ አካባቢዎች፣ በሁመራና በመተማ፣ የሚመረተው ሰሊጥ ኦሌይክና ሊኖሌይክ አሲድን በተቀራረበ መጠን ይይዛል። የተልባ ዘይት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሦስት ድርብ ማሰሪያ ያለው፣ ኦሜጋ ሦስት ከሚባሉት ወገን የሆነ አሲድ ነው። ስለዚህ እነዚህ ዘይቶች በታኅሣሥ ሌሊትም አይረጉም። ቅቤ ደግሞ ከቅባቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የጠገበ ነው። ለቅቤ ልዩ መዓዛውን ከሚሰጡት አንዱ አራት ካርቦን ብቻ ያለው ቡቲሪክ አሲድ ሲሆን፣ ለጋው ቅቤ ወደ በሳልነት ሲሄድ ይህ አሲድ ከመቅረዙ እየተላቀቀ ሽታው ይበረታል።

ከዚህ ጋር ሊታወቅ የሚገባው «ትራንስ» የሚባለው ቅባት ነው። ፋብሪካዎች ፈሳሹን ዘይት እንዲረጋ ለማድረግ ሃይድሮጅን ሲጨምሩበት፣ ሥራው በከፊል ከቀረ አንዳንዱ ድርብ ማሰሪያ ሳይጠፋ ቅርጹን ይለውጣል። ሰንሰለቱም መጉበጡን ትቶ ይቃናል። በስሙ ያልጠገበ ነው፤ በጠባዩ ግን እንደ ጠገበው ይረጋል፤ በልብና በደም ሥር ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ከጠገበው የከፋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 በፋብሪካ የሚፈጠር ትራንስ ቅባት ከምግብ እንዲወገድ ለአገሮች ሁሉ ጥሪ አድርጓል። በየሱቁ የሚሸጡ የረጉ የአትክልት ቅቤዎችን ስንገዛ በማሸጊያው ላይ «በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት» የሚል ጽሑፍ መኖር አለመኖሩን ማንበብ የሚገባን ስለዚህ ነው።

ሰም፣ የሕዋስ ሽፋንና ኮሌስትሮል

ቅባት ሁሉ የሦስት ጧፍ መቅረዝ አይደለም። የንብ ሰም በአብዛኛው የተሠራው አንድ ረጅም የቅባት አሲድ ከአንድ ረጅም አልኮል ጋር ተሳስሮ ነው። ከአሲዱ ወገን 16፣ ከአልኮሉ ወገን 30 ያህል ካርቦን ያለው ሰንሰለት ስለሆነ በ62 እና በ64 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል፤ ውኃንም ፈጽሞ አያስገባም። ንቦች ለማር መጋዘን፣ ቤተ ክርስቲያንም ለመብራት የመረጠችው ይህን ነው። ዛሬ በገበያ ላይ ጧፍ መስሎ የሚሸጠው ፓራፊን ግን ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ፣ ኦክስጅን የሌለበት የካርቦንና የሃይድሮጅን ሰንሰለት ነው። በመልክ ቢመሳሰልም በተፈጥሮው ሌላ ነገር ነው። ጧፍ ከንብ ሰም መሥራት ነባር ልማዳችን ስለሆነ፣ ጧፍ የሚገዙ ኮሚቴዎች ሰሙ ከማን እንደተገኘ ጠይቀው ቢገዙ ሥርዓቱንም ንብ አናቢውንም ይጠቅማሉ።

ሌላው ወገን ፎስፎሊፒድ ይባላል። በዚህኛው ከሦስቱ ጧፎች አንዱ ተነሥቶ በቦታው ፎስፌት ያለበት፣ ውኃን የሚወድ ራስ ተተክቷል። ራሱ ውኃን ሲወድ ሁለቱ ጅራቶች ይሸሹታል። እነዚህ ሞለኪውሎች በውኃ ውስጥ ሲገኙ ጅራታቸውን ወደ ውስጥ፣ ራሳቸውን ወደ ውጭ አድርገው በሁለት ረድፍ ይሰለፋሉ። የሆላንድ ሊቃውንት ጎርተርና ግሬንደል እ.ኤ.አ. በ1925 ከቀይ የደም ሕዋሳት ያወጡትን ቅባት በውኃ ላይ ዘርግተው ሲለኩ፣ ስፋቱ የሕዋሳቱን ገጽ ሁለት ጊዜ የሚሸፍን ሆኖ አገኙት። ከዚያም የሕዋስ ሽፋን ባለ ሁለት ድርብ ቅባት መሆኑን ገለጹ። በሰውነታችን ያለ እያንዳንዱ ሕዋስ በዚህ ስስ ቅጽር የታጠረ ነው።

ሦስተኛው ወገን ስቴሮል ነው፤ ዋናው ተወካዩ ኮሌስትሮል ነው። ኮሌስትሮል በአራት የተያያዙ የካርቦን ቀለበቶች የተሠራ ሲሆን ስሙ በክፉ ቢነሣም ያለ እርሱ መኖር አይቻልም። የሕዋስን ሽፋን ያጸናል፤ ሐሞት የሚሠራው ከእርሱ ነው፤ የወንድነትና የሴትነት ሆርሞኖችም እንዲሁ። ቆዳችን በፀሐይ ብርሃን ቫይታሚን ዲ የሚሠራውም የኮሌስትሮል የቅርብ ዘመድ ከሆነ ሞለኪውል ነው። ሕፃናትን ከጠዋት ፀሐይ አብዝቶ መሸፈን አጥንታቸውን የሚያልፈሰፍሰው ለዚህ ነው። ኮሌስትሮልን አብዛኛውን የሚሠራው የራሳችን ጉበት ነው። የጠገበ ቅባት ሲበዛ ግን በደም ውስጥ ያለው ጎጂው የኮሌስትሮል ዓይነት ከፍ ይልና በደም ሥር ግድግዳ ላይ ይከማቻል።

እዚህ ላይ ገዢዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። በብዙ የዘይት ማሸጊያ ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» ተብሎ ይጻፋል። አባባሉ እውነት ነው፤ ምክንያቱም ከአትክልት የተገኘ ማንኛውም ዘይት ለቁጥር የሚበቃ ኮሌስትሮል የለውም። የፓልም ዘይትም የለውም። ሆኖም የጠገበው ቅባት በሰውነት ውስጥ ኮሌስትሮልን ከፍ ስለሚያደርግ፣ ይህ ጽሑፍ አንዱን ዘይት ከሌላው አይለይም።

ቅባት በሰውነታችን ምን ይሠራል?

የመጀመሪያው ሥራው ስንቅ መሆን ነው። አንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል ሲሰጥ አንድ ግራም እህል ነክ ምግብ ወይም ፕሮቲን 4 ያህል ይሰጣል። የመብራት ዘይትና የሰውነት ስብ በመሠረቱ አንድ ሥራ ይሠራሉ፤ ሁለቱም ከኦክስጅን ጋር ተዋሕደው ሙቀትና ኃይል ሰጥተው፣ በመጨረሻ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናሉ። ልዩነቱ ሰውነታችን ያለ ነበልባል፣ ቀስ በቀስ ማንደዱ ነው። ካህናት ሌሊቱን በማኅሌት ቆመው፣ ቅዳሴ ቀድሰው፣ ጾሙን እስከ ሰዓቱ ሲያደርሱ በጉበት የተከማቸው ስኳር ይቀንሳል፤ ቀሪውን መንገድ በአብዛኛው የሚሸከመው ይህ ስንቅ ነው።

ሁለተኛው፣ ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ የሚሟሙት በቅባት እንጂ በውኃ አይደለም። ሐሞት ቅባቱን በጥቃቅን ጠብታ ይበትነዋል፤ ከቆሽት የሚመጣው ኢንዛይም ሰንሰለቶቹን ከመቅረዙ ይለያቸዋል፤ ቫይታሚኖቹም ከእነርሱ ጋር ወደ ደም ይገባሉ። ጎመንና ካሮት ከጥቂት ዘይት ጋር ሲበሉ ለዓይን የሚጠቅመው ንጥረ ነገር በተሻለ ሁኔታ ወደ ሰውነት የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። በሰሙነ ሕማማት ዘይት ሳይነኩ የሚሰነብቱ ምእመናን በዚህ ሊጨነቁ አይገባም፤ ጤነኛ ሰው ቫይታሚን ኤ በጉበቱ ያከማቻልና። በችግር ምክንያት ዓመቱን ሙሉ ዘይት የሌለበት ወጥ የሚበላ ሕፃን ግን ይህ ስንቅ የለውም።

ሦስተኛው፣ አንዳንድ የቅባት አሲዶችን ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው አይችልም። ጆርጅ እና ሚልድሬድ በር የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1929 ቅባት የሌለበት ምግብ ብቻ የተመገቡ አይጦች ቆዳቸው እየተላጠ፣ እድገታቸው እየተገታ እንደሚሞቱ አሳዩ። ዛሬ እንደምናውቀው ለሰው የግድ የሚያስፈልጉት ሊኖሌይክ አሲድና የተልባው ኦሜጋ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በኑግና በሰሊጥ፣ ሁለተኛው በተልባ ሞልቷል። አያቶቻችን ተልባን ቆልተውና ወቅጠው በጾም ማዕድ ማቅረባቸው ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ሳይፈጭ የተዋጠ ተልባ ሳይፈጭ ይወጣልና።

ከእነዚህ ሌላ ቅባት ኩላሊትንና ሌሎች የውስጥ አካላትን ከግጭት ይጠብቃል፤ ከቆዳ ሥር ሆኖ ብርድን ይከላከላል፤ የነርቭ ክሮችን እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ ሽፋን ይሸፍናል። የአንጎላችን ውኃ ቢወጣ ከቀሪው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቅባት ነው።

ዘይት እንዴት ይበላሻል?

ያልጠገበ ዘይት ለልብ የተሻለ ቢሆንም አንድ ድካም አለበት። ድርብ ማሰሪያው ባለበት ቦታ ኦክስጅን ይገባበታል። ብርሃን፣ ሙቀትና የብረት ዝገት ይህን ያፋጥናሉ። ዘይቱም ይከረፋል። የኑግ ዘይት በፀሐይ ላይ በሚያሳልፍ ጀሪካን ሲቀመጥ ቶሎ የሚሸተው ለዚህ ነው። እናቶቻችን ቅቤን በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በጥቁር አዝሙድ ሲያነጥሩ ውኃውንና አጉዋቱን ስለሚያወጡ፣ ቅመማ ቅመሞቹም የኦክስጅንን ሥራ ስለሚያዘገዩ ንጥሩ ቅቤ ብዙ ጊዜ ይቆያል።

ከሁሉ የከፋው ዘይትን ደጋግሞ መጥበሻ ማድረግ ነው። በተደጋገመ እሳት ሰንሰለቶቹ ይበጣጠሳሉ፤ ይጣበቃሉ፤ ጎጂ ንጥረ ነገሮችም ይፈጠራሉ። ዘይቱ ሲጠቁር፣ አረፋ ሲያበዛ፣ ሲዝረከረክና በትንሽ እሳት ሲጨስ ዘመኑ አልፏል።

ለኮሚቴዎች የምናሳስበው

1. የረጋ ዘይት ቢያጋጥም አይመለስ፣ አይጣልም። ለብ ባለ ቦታ ተቀምጦ ይፈታ። መበላሸቱ የሚታወቀው በሽታውና በጣዕሙ እንጂ በመርጋቱ አይደለም።

2. የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም ስኳር ላለባቸው አረጋውያን ሲገዛ በጀቱ እስከፈቀደ ድረስ የኑግ፣ የሰሊጥ ወይም የሱፍ ዘይት ይቅደም። በጀቱ ካልበቃ ከሙሉው ዕደላ ከፊሉን መለወጥም ይጠቅማል።

3. በማሸጊያው ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» ከሚለው ይልቅ የጠገበው ቅባት መጠን፣ በቫይታሚን ኤ እና ዲ መበልጸጉና የአገልግሎት ጊዜው ይነበብ።

4. ዘይት በጨለማና በቀዝቃዛ ዕቃ ቤት፣ ክዳኑ ተዘግቶ ይቀመጥ። አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ይውጣ።

5. ለበዓላትና ለገቢ ማሰባሰቢያ ሲጠበስ የተጠበሰበት ዘይት ለሌላ ቀን አይቀመጥ። ወደ ፍሳሽ ቱቦም አይደፋ፤ በቱቦው ውስጥ ረግቶ ይደፍነዋል፤ የቀረውም ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል።

6. ዘይት ለጤና ያስፈልጋል ማለት ብዙ ይጨመር ማለት አይደለም። በጠንካራ ወጥ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ከሚያስፈልገን በላይ ነው።

በዚያ ማለዳ ዘይቱ በፀሐይ ተፈትቶ ታደለ። ከሁሉም በኋላ የቀረቡ አንዲት እናት ግን «ልጆቼ፣ ሐኪሙ የሚረጋ ነገር አትብዪ ብሎኛል፤ ይህ ይሆነኛል?» ብለው ጠየቁ። እኛና ኮሚቴው እርስ በርሳችን ተያየን። ስለ መበላሸቱ ለአንድ ሰዓት ስንከራከር ያላነሣነውን ጥያቄ ያነሡት እርሳቸው ነበሩ። የሐኪሙ ምክር በዚህ ጽሑፍ በብዙ ገጽ ያብራራነውን ሁሉ በአንዲት ቃል የያዘ ነበር። ኮሚቴው በቀጣዩ ስብሰባ የታመሙትን አረጋውያን ስም ለይቶ መዝግቦ፣ ለእነርሱ የሚሆነው ዘይት ከኑግ እንዲገዛ ወሰነ።

የነቢዩ ኤልሳዕ ዘመን መበለት በቤቷ የቀረላት አንድ ማሰሮ ዘይት ብቻ ነበር፤ እግዚአብሔር ባረከውና ዕዳዋን ከፈለችበት፤ ከልጆቿም ጋር ኖረችበት። በየአጥቢያችን ደጅ የሚቆሙ መበለታትም የሚጠብቁት ያንኑ ማሰሮ ነው። በምእመናን መባ የሚገዛውን ስንመርጥ የሚቀበሉትን ሰዎች ጤና አስበን እንምረጥ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።